ታካሚዋ ከወጣች በኋላ የተገኘው ባክቴሪያ፦ የአንድ ሆስፒታል የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመረጠ

በሆስፒታል ውስጥ ስለሚተላለፍ ኢንፌክሽን የሚጻፉ ዘገባዎች አብዛኞቹ ተመሳሳይ መልክ አላቸው። እጅ ሳይታጠብ ቀረ፣ ጓንት ሳይቀየር ቀረ፣ ዕቃ በደንብ ሳይጸዳ ቀረ፤ ሰዎችም ታመሙ። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ችግሩ ግልጽነቱ ነው፤ አንባቢው «እኛ ጋ እንዲህ አይደረግም» ብሎ ያልፈዋል።

ከዚህ በታች የቀረበው ጉዳይ እንዲያ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሆስፒታሉ ገንዘብ፣ ባለሙያም ሆነ ላቦራቶሪ አልጎደለውም። ታካሚዋ አደገኛውን ባክቴሪያ ይዛ እንደመጣች ያውቅ ነበር፤ ከመጀመሪያውም ለይቶ አስተኝቷታል። ይህ ሁሉ ተደርጎ ባክቴሪያው በ18 ታካሚዎች ላይ ተገኘ፣ 11ዱም ሞቱ። ከእነዚህ መካከል የስድስቱ ሞት በኢንፌክሽኑ ምክንያት እንደሆነ ተገምግሟል፤ ሌሎቹን የገደላቸው አስቀድሞ የነበረባቸው ከባድ ሕመም ነው።

ሆስፒታሉ በሜሪላንድ ግዛት ቤቴስዳ ከተማ የሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት የክሊኒክ ማዕከል ነው። ጊዜው 2011 ነው። ተቋሙ የሆነውን ራሱ መርምሮ በ2012 በሳይንሳዊ መጽሔት አሳትሞታል፤ ይህ ጽሑፍም የቆመው በዚያ በይፋ በሚታወቀው መረጃ ላይ ነው። ታካሚዎቹና ባለሙያዎቹ በስም አይጠቀሱም። ቀናቱና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ባክቴሪያው ጥቂት

ክሌብሲየላ ኒሞኒዬ የሚባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰዎች አንጀት ውስጥ ምንም ጉዳት ሳያደርስ ይኖራል። ጉዳት የሚያደርሰው ወደማይገባበት ቦታ ሲገባ ነው፤ በመተንፈሻ ቱቦ በኩል ወደ ሳንባ፣ በሽንት ቱቦ በኩል ወደ ፊኛ፣ በደም ሥር ቱቦ በኩል ወደ ደም። ስለዚህ የሚያጠቃው በአብዛኛው ቱቦ የተገባላቸውን፣ የሰውነት መከላከያ አቅማቸው የተዳከመውንና ለረጅም ጊዜ ተኝተው የሚታከሙትን ነው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል እነዚህ ሁሉ የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው።

ካርባፔነም የሚባሉት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች ሌላው ሁሉ አልሠራ ሲል የሚታዘዙ ናቸው። አንዳንድ የክሌብሲየላ ዝርያዎች ግን ካርባፔነምን የሚሰባብር ኢንዛይም ያመርታሉ። ለዚህ ኢንዛይም ትእዛዝ የሚሰጠው ዘረመል ደግሞ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ አንዳንዴም ከዝርያ ወደ ዝርያ ሊሻገር ይችላል። በዚያን ጊዜ በሐኪሞች እጅ የቀረው ዋና አማራጭ ኮሊስቲን ነበር። ኮሊስቲን ኩላሊት ስለሚጎዳ ለዓመታት ወደ ጎን ተደርጎ የቆየ አሮጌ መድኃኒት ነው። በወረርሽኙ ወቅት ባክቴሪያው በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ለእርሱም አልበገር አለ።

ለዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ አስፈላጊው ነገር ግን መሸከምና መታመም የተለያዩ መሆናቸው ነው። ሰው ባክቴሪያውን በአንጀቱ፣ በጉሮሮው ወይም በቆዳው ላይ ይዞ ለሳምንታት፣ ለወራትም ያለ አንዳች ምልክት ሊቆይ ይችላል። አያተኩስም፣ አያስለውም፣ ቁስል የለውም። ለሌላው ግን ያስተላልፋል።

የመጀመሪያዋ ታካሚ

ጁን 13 ቀን 2011 ቀደም ሲል የሳንባ ንቅለ ተከላ የተደረገላት ታካሚ ከኒው ዮርክ ከተማ ሆስፒታል ወደ ክሊኒክ ማዕከሉ ተዛወረች። ከሕክምና መዝገቧ ካርባፔነምን የሚቋቋም ክሌብሲየላ እንዳለባት ታወቀ። ተቋሙ ይህን ማወቁ ትልቅ ነገር ነው፤ ታካሚ ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል ሲዛወር እንዲህ ዓይነቱ መረጃ ወረቀት መሀል ተቀብሮ የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የተወሰደው እርምጃም ተገቢ ነበር። ለብቻዋ ክፍል ተሰጣት። ወደ እርሷ የሚገባ ሁሉ ጋዋንና ጓንት እንዲለብስ ታዘዘ። የተጠቀመችባቸው ዕቃዎች ከወትሮው በተለየ ጥንቃቄ ጸዱ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል የነበረችው ለአጭር ጊዜ ነው፤ እርሷ እዚያ ሳለች ከሌሎቹ የክፍሉ ታካሚዎች የጉሮሮና የብሽሽት ናሙና ተወስዶ ተመረመረ። ባክቴሪያው በማንም ላይ አልተገኘም። ጁላይ 15 ታካሚዋ ከሆስፒታሉ ወጣች።

በዚያ ቀን በተቋሙ ውስጥ ላለ ማንኛውም ሰው ጉዳዩ የተዘጋ ይመስል ነበር። ቦታው ላይ ብሆን እኔም እንደዚያው አስብ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ

ኦገስት 5 በአንድ ሌላ ታካሚ የመተንፈሻ ቱቦ ናሙና ላይ ያው ዓይነት ባክቴሪያ ታየ። ይህ ሰው ከመጀመሪያዋ ታካሚ ጋር በአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ አልተኛም። ስለዚህ ተገቢ ጥያቄ ተነሣ፤ ባክቴሪያው ከእርሷ የመጣ ነው ወይስ ከሌላ ቦታ ለብቻው የገባ?

መልሱ የሚከተለውን እርምጃ ይወስናል። ለብቻው የገባ ከሆነ ጥፋቱ በቅበላ ላይ ነው፤ አዲስ የሚመጡትን መመርመር ያስፈልጋል። ከእርሷ የመጣ ከሆነ ግን በመሀል ያልታየ ሰው ወይም ያልታየ ዕቃ አለ ማለት ነው፤ እሱ ደግሞ አሁንም ሕንፃው ውስጥ ነው።

የተለመደው የላቦራቶሪ አመዳደብ ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረውም። ሁለቱም ናሙናዎች በዘር ዓይነት 258 ውስጥ ተመደቡ። ይህ ዓይነት በዘመኑ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ካርባፔነምን ከሚቋቋሙት የክሌብሲየላ ዓይነቶች ሁሉ በብዛት ይገኝ የነበረው ነው፤ ሁለት ሰዎች ላይ መገኘቱ ግንኙነትን አያረጋግጥም። ይህ ሁሉ ሲጠየቅ ሌሎች ታካሚዎች መታየት ጀመሩ። በሳምንት አንድ ገደማ አዲስ ሰው ይገኝ ነበር፤ ስርጭቱም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ዘለቀ።

የተወሰዱት እርምጃዎች

የሆስፒታሉ ምላሽ ደረጃ በደረጃ እየከበደ የሄደ ነው። በመጀመሪያ ባክቴሪያው የተገኘባቸው ሁሉ ከሌሎቹ ተለይተው በአንድ ላይ እንዲታከሙ ተደረገ። ይህም አልበቃ ሲል በጽኑ ሕሙማን ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ተሠርቶ ለእነርሱ ብቻ የሚሆን ክፍል ተከፈለ። ነርሶች ተመደቡላቸው፤ የእነርሱ ነርስ ወደ ሌላው ወገን አትሻገርም። ዕቃዎችም እንዲሁ ተለዩ።

በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለው ይህ የነርሶች መለያየት በተግባር ከሁሉም ከባዱ ነው። በአንድ ፈረቃ ለአራት ተሸካሚዎች ሁለት ነርሶች ቢመደቡ፣ በሌላው ወገን ደግሞ አንዲት ነርስ ብትቀር፣ ኃላፊው «ለአሥር ደቂቃ ብቻ» ብሎ የማሻገር ፈተና ይገጥመዋል። ግድግዳው የጠቀመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግድግዳ ባክቴሪያ አያግድም፤ ባክቴሪያውን ይዞ የሚያልፈውን ሰው ግን ያግዳል፤ ቢያንስ በር ላይ ቆሞ እንዲያስብ ያደርገዋል።

ቀጥሎ የናሙና ቅኝቱ ሰፋ። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያሉት በተደጋጋሚ ይመረመሩ ጀመር፤ ከዚያም ምርመራው በሆስፒታሉ የተኙትን ሁሉ አዳረሰ። ከጉሮሮና ከብሽሽት በተጨማሪ ከፊንጢጣ አካባቢ ናሙና መውሰድ ተጀመረ። በአንጀት የሚኖር ባክቴሪያ የሚፈለገው እዚያ ስለሆነ ይህ ለውጥ ትንሽ አይደለም። ከ18ቱ ታካሚዎች የተወሰኑት የተገኙት በዚህ ቅኝት ብቻ ነው። ቅኝቱ ባይኖር ኖሮ ምልክት ስለሌላቸው ከሌሎች ጋር ተደባልቀው ይቆዩ ነበር።

ለአካባቢ ጽዳቱ ደግሞ ተራው ማጽጃ በቂ ሆኖ አልተገኘም። ክፍሎች ባዶ ሆነው፣ ተዘግተው በሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ትነት ታጠኑ። የእጅ መታጠቢያ ገንዳዎች ፍሳሽ ማውረጃ ሲመረመር ባክቴሪያው ስለተገኘበት ቧንቧዎች ተነቅለው ወጡ። ለአንድ ታካሚ አገልግሎ፣ ጸድቶ፣ ለሚቀጥለው ዝግጁ የተባለ የመተንፈሻ መሣሪያም ላይ ያው ባክቴሪያ ተገኘ።

በመጨረሻም ሥራቸው መመልከት ብቻ የሆነ ሰዎች ተቀጠሩ። ሐኪም ይሁን ነርስ፣ የጽዳት ሠራተኛ ይሁን ጎብኚ፣ ወደ ታካሚ የሚገባ ሰው እጁን ማጽዳቱን፣ ጋዋኑንና ጓንቱን በሥርዓት መልበሱንና ማውለቁን ሌት ተቀን ይከታተላሉ።

ዘረመሉ የገለጠው

ይህን ጉዳይ ከብዙ መሰሎቹ የሚለየው ቀጥሎ የተደረገው ነው። በዚያው ግቢ የነበሩ የዘረመል ተመራማሪዎች ከታካሚዎቹ የተወሰደውን ባክቴሪያ ሙሉ ዘረመል ፊደል በፊደል አነበቡ። የክሌብሲየላ ዘረመል ስድስት ሚሊዮን ገደማ ፊደላት አሉት። ባክቴሪያው ሲራባ አልፎ አልፎ አንድ ፊደል ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ወደ ዘሩ ይተላለፋል። በጥንቃቄ ከተከተሉት ማን ከማን እንደወሰደ ፍንጭ ይሰጣል።

የመጀመሪያው ግኝት የሚያሳዝነው ነበር። ወረርሽኙ በሙሉ የመጣው ከመጀመሪያዋ ታካሚ ነው። ከሌላ ቦታ የገባ ባክቴሪያ አልነበረም።

ሁለተኛው ግኝት ይበልጥ ያስደነግጣል። ከእርሷ ወደ ሌሎች የተላለፈው አንድ ጊዜ ሳይሆን ሦስት የተለያዩ ጊዜያት ነው። በጉሮሮዋ፣ በሳንባዋና በሌላው ሰውነቷ የነበሩት ባክቴሪያዎች በመጠኑ ይለያዩ ስለነበር የተለያዩት ሐረጎች ከየት እንደተነሡ መለየት ተችሏል። ስለዚህ ለብቻዋ ክፍል ተሰጥቷት፣ ጋዋንና ጓንት ታዝዞ፣ ጥበቃው ሦስት ጊዜ ተበጥሷል። አንድ ጊዜ ቢሆን «አጋጣሚ ነው» ማለት ይቻል ነበር። ሦስት ጊዜ ሲሆን አሠራሩ ራሱ ቀዳዳ አለው ማለት ነው።

ሦስተኛው ግኝት ለዕለት ሥራ ከሁሉም የሚጠቅመው ነው። ታካሚዎቹ የተገኙበት ቅደም ተከተል ባክቴሪያው ከተላለፈበት ቅደም ተከተል ጋር አልገጠመም። ቀድሞ የተገኘ ሰው ዘግይቶ ከተገኘ ሰው ወስዶ ሊሆን ይችላል፤ ዘግይቶ የተገኘው በዝምታ ተሸክሞ ቆይቶ ነበርና። በመጀመሪያዋ ታካሚ መውጣትና በሁለተኛው ታካሚ መገኘት መካከል የነበረው የሦስት ሳምንት ዝምታም የባክቴሪያው ዝምታ አልነበረም፤ ምርመራው አላየውም ብቻ።

የዘረመል ካርታው ያመለከታቸውን ያልተጠበቁ መንገዶች ይዘው መርማሪዎቹ ወደ መዝገብ ተመለሱ፤ ማን በየትኛው ቀን በየትኛው ክፍል እንደተኛ፣ የትኛው ዕቃ ለማን እንዳገለገለ እንደገና ፈተሹ። አንዳንዱ መተላለፍ በዚህ መንገድ ሊሆን የሚችል ማብራሪያ አገኘ። ሁሉም አይደለም። ላቦራቶሪው አቅጣጫ ጠቆመ፣ መዝገቡ ደግሞ መንገዱን አሳየ። ያለ ጥሩ የአልጋና የዕቃ መዝገብ ውዱ የዘረመል ንባብ ብዙም ባልተናገረ ነበር።

የሠራውና ያልሠራው

ወረርሽኙ በመጨረሻ ተገታ። የትኛው እርምጃ እንደገታው ግን በትክክል መናገር አይቻልም፤ ሁሉም ተደራርበው ነው የተሠሩት። ሰው እየሞተ አንዱን እርምጃ ሞክሮ ውጤቱን ጠብቆ ወደ ሌላው መሄድ አይታሰብም። ስለዚህ «ግድግዳው ነው ያዳነን» ወይም «ትነቱ ነው» የሚል ሰው ከመረጃው በላይ እየተናገረ ነው።

ያም ሆኖ አንዳንድ ነገር መለየት ይቻላል። የታወቀን ተሸካሚ ብቻ መለየት አልበቃም፤ ይህ በማያሻማ ሁኔታ ታይቷል። በአንድ ዙር የጉሮሮና የብሽሽት ናሙና «የለም» የሚል ውጤት ይዞ ጉዳዩን መዝጋትም አልበቃም። ናሙና ላይ ባክቴሪያው ያልታየው ስለሌለ ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ገና ትንሽ ስለሆነ ወይም ናሙናው ከተሳሳተ ቦታ ስለተወሰደም ሊሆን ይችላል። ታካሚዋ ከወጣች በኋላ ባሉት ሳምንታት አብረዋት የነበሩትን ደጋግሞ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ተራው ጽዳት በመተንፈሻ መሣሪያው ላይ አልሠራም። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ ስንጥቅ፣ መገጣጠሚያ፣ ቁልፍና ገመድ የሞላበት ነው፤ ጨርቅ የማይደርስበት ብዙ ነው። ላዩ መብረቁ ምንም ማረጋገጫ አይሆንም።

ገንዳዎቹ ትልቅ ነገር ያስተምራሉ። እጅ የሚታጠብበት ቦታ የባክቴሪያ ማደሪያ ሊሆን መቻሉ ለብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነው፤ አሠራሩ ግን ቀላል ነው። በፍሳሽ ቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው፣ ራሳቸው ባመነጩት ልጋግ ተሸፍነው ይኖራሉ። ከላይ የሚፈስ በረኪና ልጋጉን ጠርጎ አይጨርሰውም። ውኃው በቀጥታ ፍሳሹ ላይ ሲወርድ ደግሞ ይረጫል። በሌላ አገር በተመረመረ ሌላ ወረርሽኝ ርጭቱ አንድ ሜትር ያህል ርቆ እንደሚደርስ ታይቷል። ገንዳው አጠገብ የተዘጋጀ መርፌ ወይም ንጹሕ ጨርቅ ካለ ርቀቱ ይበቃዋል። ከታካሚ ሰውነት የወጣ ፈሳሽ፣ የታጠበ ሰውነት ውኃ፣ የተረፈ የምግብ ፈሳሽ በእጅ መታጠቢያው ከተደፋ ደግሞ ማደሪያውን ራሳችን መገብነው ማለት ነው። በነገራችን ላይ በዚህ ሆስፒታል ፍሳሹ የወረርሽኙ ምንጭ ይሁን ወይስ ከታካሚዎቹ የተበከለ፣ ባክቴሪያው እዚያ በመገኘቱ ብቻ አይታወቅም። ቧንቧውን መንቀሉ ግን ከሁለቱም አንጻር ትክክል ነው።

ተቆጣጣሪዎቹን በሚመለከት ሐሳቤ ከብዙዎች ይለያል። ሠራተኛን የሚመለከት ሰው ማቆም እንደ ውርደት ይታያል፤ በተለይ ከፍተኛ ልምድ ያለው ሐኪም ከእርሱ በሙያ የሚያንስ ሰው «እጅዎን አላጸዱም» ሲለው። የእጅ ንጽሕና ግን የእውቀት ጉድለት ጉዳይ አይደለም። ሁሉም ያውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ያወጣው መመሪያ አምስት ጊዜያትን ያስቀምጣል፤ ታካሚን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና የሚጠይቅ ሥራ ከመሥራት በፊት፣ ከሰውነት ፈሳሽ ንክኪ በኋላ፣ ታካሚን ከነኩ በኋላ እና በታካሚው ዙሪያ ያለ ዕቃ ከነኩ በኋላ። በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና ውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንዲት ነርስ እነዚህ ጊዜያት በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥሟት ለቆጠረ ሰው፣ አንዳንዱ መዘለሉ አይገርመውም። የሚዘለለውን የሚያይ ሁለተኛ ዓይን ማቆም ስድብ ሳይሆን እገዛ ነው። ቀዶ ሕክምና ውስጥ ፎጣና መርፌ የሚቆጥር ሰው ሲቆም ማንም አይቀየምም።

ጓንትን በሚመለከት አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ጓንት እጅን ይጠብቃል እንጂ ታካሚን በራሱ አይጠብቅም። አንድ ጓንት ለብሶ ከአልጋ ሐዲድ ወደ ደም ሥር ቱቦ፣ ከዚያ ወደ ኮምፒውተር ቁልፍ የሚሄድ እጅ፣ ባዶ ከሆነ እጅ የሚሻልበት ነገር የለም። ባዶ እጅ እንዲያውም መቆሸሹ ይሰማዋል።

ለማን ይነገር

ሕዝቡ ስለዚህ ወረርሽኝ የሰማው በኦገስት 2012 ጥናቱ ሲታተም ነው፤ ከመጀመሪያዋ ታካሚ መግባት በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ አልፎ። ብርቱ ትችት ተከተለ። ለምን በጊዜው አልተነገረም? ታካሚ ወደዚያ ለመሄድ ሲወስን የማወቅ መብት የለውም ወይ?

የተቋሙ ወገን የሚለው ቀላል አልነበረም። በሕግ የማሳወቅ ግዴታ አልነበረበትም፤ በመጨረሻም የሆነውን በዝርዝር ያወጣው ራሱ ነው። ብዙ ሆስፒታሎች እንዲህ ዓይነቱን ነገር በጭራሽ አይጽፉም። የሚጽፈው ተቋም ሲወቀስ፣ የማይጽፈው ደግሞ ሳይነካ ሲቀር፣ ሌሎቹ የሚማሩት ዝም ማለትን ነው። ይህ እውነት ነው። ግን ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ለሳይንስ መጽሔት መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ታካሚ ወደሚቀበለው ሌላ ሆስፒታልና ለአካባቢው የጤና ባለሥልጣን በዚያው ሳምንት መናገር ሌላ። የመጀመሪያው ጊዜ ሊወስድ ይችላል። ሁለተኛው አይችልም፤ ተሸካሚ የሆነ ሰው ሲዛወር ባክቴሪያውም አብሮት ይዛወራልና። ክሊኒክ ማዕከሉ ራሱ ሊጠነቀቅ የቻለው ከላኪው ሆስፒታል የመጣው መዝገብ ስለነገረው አይደለም?

ቅኝቱ ወረርሽኙ ከተገታ በኋላም ቀጠለ። ይህም ተገቢ ነበር፤ በ2012 አንድ ሌላ ታካሚ በዚያው ባክቴሪያ ተይዞ ሞተ።

ወደ ሌላ ተቋም የሚወሰደው

የዘረመል ንባብ የሌለው ሆስፒታል ይህን ጉዳይ አንብቦ «ለእኛ አይደለም» እንዳይል እሰጋለሁ። ዘረመሉ ያስተማረን ነገር አሁን ታውቋል፤ ደግሞ ለማወቅ ማሽኑ አያስፈልግም። ያልታየ ተሸካሚ አለ ብሎ መነሣት ይበቃል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ሌላ ታሪክ አለ። በእስራኤል ከ2006 ጀምሮ ይኸው ዓይነት ባክቴሪያ በአገሪቱ ሆስፒታሎች ሁሉ ተስፋፍቶ ነበር። እያንዳንዱ ሆስፒታል ለብቻው ቢታገልም አልቻለውም። በ2007 የጤና ሚኒስቴሩ ለሁሉም አንድ ትእዛዝ አወጣ፤ እያንዳንዱ ተሸካሚ ሪፖርት ይደረግ፣ ተለይቶ ይተኛ፣ ለእርሱ ብቻ የተመደበ ነርስ ይኑረው። ሥልጣን ያለው ቡድንም በየሆስፒታሉ እየዞረ አፈጻጸሙን ተመለከተ። በማርች 2007 ከ100,000 የታካሚ ቀናት (አንድ ታካሚ ተኝቶ የሚያሳልፈው አንድ ቀን እንደ አንድ ተቆጥሮ) 55.5 የነበረው ወርኃዊ የአዳዲስ ተያዦች መጠን በሜይ 2008 ወደ 11.7 ወረደ። እዚያ ውጤቱን ያመጣው የዘረመል ንባብ አልነበረም፤ የተለየ ክፍል፣ የተለየ ነርስና የሚቆጣጠር አካል ናቸው።

በዚህ መነሻ አንድ ተቋም ነገ ጠዋት ሊጀምረው የሚችለው ሥራ አለ። የመጀመሪያው የቅበላ ጥያቄ ነው፤ ታካሚው ባለፉት ወራት የት ተኝቶ ነበር፣ ከዚያስ የላቦራቶሪ ውጤት መጥቷል ወይ? ካልመጣ ስልክ መደወል ነው። ከሌላ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ክፍል በቀጥታ የሚዛወር ሰው ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ እንደ ተሸካሚ ቢቆጠር የሚከፈለው ጥቂት ጋዋንና ጓንት ነው።

ሁለተኛው የአልጋ መዝገብ ነው። አንድ ተሸካሚ ሲገኝ በክፍሉ ከእርሱ ጋር የነበሩትን፣ ከእርሱ በኋላ በአልጋው የተኙትንና የጋራ ዕቃ የተጠቀሙትን በአንድ ሰዓት ውስጥ መዘርዘር መቻል አለበት። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል፤ ግን በየቀኑ መሞላት አለበት። ከዝርዝሩ ላይ ያሉት ሰዎች በሳምንቱ አንዴ ተመርምረው የሚተዉ ሳይሆኑ ለተወሰኑ ሳምንታት የሚከታተሏቸው ናቸው፤ ናሙናውም ከፊንጢጣ አካባቢ ይወሰድ። ወደ ሌላ ክፍል የተዛወሩትና ወደ ቤት የሄዱትም ከዝርዝሩ አይሰረዙ፤ ተመልሰው ሲመጡ መዝገባቸው ራሱ እንዲናገር ምልክት ይደረግበት።

የዕቃ ነገር ባለቤት ይፈልጋል። ከታካሚ ወደ ታካሚ የሚዞረውን የመተንፈሻ መሣሪያ፣ የአልትራሳውንድ ጫፍ፣ የደም ግፊት መለኪያ የሚያጸዳው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነርሷ የጽዳት ሠራተኛውን፣ የጽዳት ሠራተኛው ደግሞ ቴክኒሻኑን ካመለከተ፣ ዕቃው በማንም አይጸዳም። ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ኃላፊ ይመደብ፤ አምራቹ የፈቀደው ማጽጃና ማጽጃው በዕቃው ላይ እርጥብ ሆኖ መቆየት ያለበት ደቂቃም በዚያው ዕቃ ላይ ተጽፎ ይለጠፍ። ወዲያው የሚጠረግ ማጽጃ ባክቴሪያውን የሚገድልበት ጊዜ አያገኝም።

የእጅ መታጠቢያ ገንዳው ለእጅ ብቻ ይሁን። ሌላው ፈሳሽ ሁሉ የሚደፋበት የራሱ ቦታ ይዘጋጅ፤ ቦታው ሩቅ ከሆነ ግን ማንም ፈሳሽ ተሸክሞ እስከዚያ አይሄድም፤ ያን ጊዜ ሠራተኛን መቆጣት ዋጋ የለውም፣ ቦታውን ማቅረብ ነው። ከገንዳው በአንድ ሜትር ውስጥ መድኃኒትም ሆነ ንጹሕ ዕቃ አይቀመጥ።

ተቆጣጣሪ ለመቅጠር አቅም የሌለው ተቋም በየፈረቃው አንድ ሰው ለግማሽ ሰዓት እንዲመለከት ማድረግ ይችላል። የሚያየውን የሚመዘግበው በስም ሳይሆን በሥራ ዓይነትና በተዘለለው ጊዜ ይሁን። በስም የሚመዘገብ ከሆነ ሁሉም ሰው ተቆጣጣሪው በቆመበት ግማሽ ሰዓት ብቻ ንጹሕ ይሆናል። የተዘለለው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጊዜ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመተንፈሻ መሣሪያው ማስጠንቀቂያ ሲጮኽ ከሆነ፣ ችግሩ የሰዎቹ ግድየለሽነት ላይሆን ይችላል። የአልኮል ማጽጃው እጅ ከሚደርስበት ርቆ ተሰቅሎ ይሆናል፤ ያን ማንቀሳቀስ ከአንድ ቀን ሥልጠና የበለጠ ይሠራል።